በሥራ የታወቀ የሰው ምሥጢር አደራ ስለ መሆኑ

ሰው ለሰው የሚያስረክበው አደራ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ላሙን ለጎረቤቱ ያስጠብቃል፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ከወዳጁ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ልጁን ለዘመድ ሰጥቶ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። እነዚህን አደራዎች የበላ ሰው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ላሚቱ ብትጠፋ በረቱ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ገንዘቡም ቢጎድል ተቆጥሮ ይታወቃል። ዳሩ ግን ተቆጥሮ የማይታወቅ፥ ቢበላም ባዶ በረት የማያሳይ አንድ ሌላ አደራ አለ። እርሱም ሰው በሥራው ምክንያት ስለ ሌላ ሰው ያወቀው ነገር ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ ነርስ፥ አንዳንዶቹ መምህር፥ አንዳንዶቹም የባንክ ሠራተኛ፥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ወይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትሆናላችሁ። ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ንብረት ክፍል ጠርቶ ያስፈርማችኋል፤ ጠረጴዛ 1፥ ወንበር 1፥ የብረት ቁም ሣጥን 1፥ ቁልፍ 2 ይላል ወረቀቱ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ግን የብዙ ሰው በሽታና ዕዳ፥ ጋብቻና ፍቺ፥ ወቀሳና ቅጣት ተኝቷል። እርሱን ቆጥሮ የሚያስረክባችሁ የለም። ሥራውን ስትለቁም ወንበሩን ትመልሳላችሁ፤ ያነበባችሁትን ግን ይዛችሁት ትወጣላችሁ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሥራ ያወቅነው የሰው ጉዳይ የባለቤቱ ነው፤ በእኛ ዘንድ ያለው በአደራ ነው።

ይህን ነገር በመጀመሪያ የተማርሁት ከሕግ መጽሐፍ አይደለም። በሙዱላ ዙሪያ በተማርሁበት ዘመን፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ ከጠምባሮና ከከምባታ ከሐዲያም ብዙ ጎልማሶች ሸንኮራ አገዳ ለመቁረጥ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ይሄዱ ነበር። የሄደው ሰው ደብዳቤ የሚልከው በአማርኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በሌላ ሰው እጅ ያስጽፋል። ቤት የቀረችው እናት ወይም ሚስት ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ አማርኛም ብዙ አትሰማም። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስ ከሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ይጠራል፤ እርሱም አንብቦ በጠምባርኛ ይተረጉምላታል፤ መልሱንም ይጽፍላታል። ልጁ ቢበዛ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ነገር ግን ስንት ብር እንደ ተላከ፥ ማን እንደ ታመመ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፥ የትኛው ባል ወደ ቤቱ ላለመመለስ እንዳሰበ ከሚስቲቱ ቀድሞ ያውቃል።

መምህራችን በዚህ ነገር አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። «የሰው ደብዳቤ ካነበባችሁ በኋላ ቃሉን እዚያው ቤት ትታችሁ ውጡ» ይሉን ነበር። በዚያን ጊዜ ትእዛዝ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያች ሴት ልጁን ጠርታ ደብዳቤዋን ያስነበበችው ፈቅዳ ነውን? በአንድ ወገን ፈቅዳ ነው፤ በሌላ ወገን ግን ቸግሯት ነው። ከእርሱ በቀር የሚያነብላት ስለሌለ ልቧን ከእርሱ ልትሰውር አልቻለችም። ሕመምተኛም እንዲሁ ነው፤ ሕመሙን ሳይናገር መድኃኒት አያገኝም። ተበዳሪም እንዲሁ ነው፤ ድህነቱን ሳይገልጥ ብድር አይሰጠውም። ሥራ ፈላጊም ዕድሜውን፥ የትዳሩን ሁኔታ፥ የቀድሞ ሥራውን ሁሉ ሞልቶ ይፈርማል። ስለዚህ በቅጹ ግርጌ የተቀመጠ ፊርማ «እንዳሻችሁ አድርጉት» ማለት አይደለም። «ስለ ቸገረኝ ነግሬአችኋለሁ፤ ለተቸገርሁበት ነገር ብቻ አውሉት» ማለት ነው።

ዛሬ ያ ደብዳቤ ቀርቷል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ፥ ከሙዱላም ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጓዛል፤ ወሬው በስልክ፥ ገንዘቡም በባንክ ይመጣል። የዚያን ተማሪ ቦታ አሁን የያዘው በባንክ መስኮት የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። የማን ልጅ ስንት እንደ ላከ፥ የማን ልጅም ከ6 ወር ጀምሮ ምንም እንዳልላከ ያውቃል። ይህን በምሳ ሰዓት እንደ ጨዋታ ቢያወራው የሚሆነውን አስቡት። ብዙ የተላከላት እናት ቤት አበዳሪና ተበዳሪ፥ ምናልባትም ሌባ ይመላለሳል። ምንም ያልተላከላት እናት ደግሞ በጎረቤት ፊት ታፍራለች። ሠራተኛው ከካዝናው አንድ ሳንቲም አልነካም፤ ሒሳቡም ማታ በትክክል ይዘጋል። ሆኖም አደራ በልቷል።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አይጠፋም። «ይህ ነገር የፈረንጅ ወግ ነው፤ እኛ አብረን የምንበላ፥ አብረን የምናለቅስ ሕዝብ ነን። ጎረቤት የማያውቀው ነገር ምን አለ?» ይለኝ ይሆናል። አነጋገሩ መልካም ይመስላል፤ ቢመረመር ግን አይጸናም። ጎረቤቴ ጓዳዬን ቢያውቅ እኔም ጓዳውን አውቃለሁ። መታመሜን ቢሰማ እርጎ ይዞ ይመጣል፤ መቸገሬን ቢያይ ጥጃ ያስረባኛል። እውቀቱ ዕዳ ይጥልበታል፤ ባይረዳኝ እኔም ሰፈሩም እንታዘበዋለን። የመሥሪያ ቤት እውቀት ግን እንዲህ አይደለም። የመዝገቡ ሹም የእኔን ሁሉ ያውቃል፤ እኔ የእርሱን አላውቅም። የሚያውቀውም ሊረዳኝ ብቻ አይደለም፤ ሊቀጥረኝም ሊያሰናብተኝም፥ ሊያሳድገኝም ሊያስቀረኝም ይችላል። እንግዲህ የጎረቤትን እውቀት ልክ የሚያደርገው እኩልነት በመሥሪያ ቤት ከሌለ፥ በእርሱ ፈንታ ሕግና ጨዋነት መቆም አለባቸው።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ «ያልበደለ ሰው ምን ይፈራል? የሚሰውረው ነገር ያለው ጥፋተኛ ብቻ ነው» ይላል። ለዚህ መልስ እንዲሆን አንድ የማውቀውን ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ከተማ፥ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፥ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። ታሞ ሰነበተና ለፈቃድ የሐኪም ወረቀት አቀረበ። ለፈቃዱ የሚያስፈልገው የዕረፍቱ ቀን ቁጥር ብቻ ነበረ፤ ወረቀቱ ግን የበሽታውንም ስም ይናገር ነበር። ከገቢ ደብዳቤ ተቀባይ ወደ ጸሐፊ፥ ከጸሐፊ ወደ አለቃ፥ ከአለቃ ወደ መዝገብ ቤት አለፈ። ካዩት 4 ሰዎች አንዱም ጠላቱ አልነበረም። እያንዳንዱም ወሬውን ለባልንጀራው የነገረው «እግዜር ይማረው፥ አያሳዝንም?» እያለ ነው። ሳምንት ሳይሞላ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ እርሱ የጠጣበትን ብርጭቆ ሰው የሚያርቅ ሆነ። ሰውዬው ምንም አልበደለም ነበር፤ የፈራው ግን ደረሰበት። ጥቂት ወራት ታግሦ ሥራውን ለቀቀና ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር የሚያስደንቀኝ ክፉ ሰው የሌለበት መሆኑ ነው። ምሥጢር የሚወጣው በሐሜተኛ ብቻ የሚመስለን ተሳስተናል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በአዘኔታ ልብስ ነው። «ጸልዩለት» ተብሎ ይነገራል፤ «እንዳትናገር፥ ለአንተ ብቻ ነው» ተብሎም ይነገራል። የሚናገረው ሰው ራሱን እንደ ርኅሩኅ ይቈጥራል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ስለ ሰው ልታወሩ ስትሉ ልባችሁ ደግ መሆኑን ብቻ አትጠይቁ፤ ያ ሰው እዚህ ቢቀመጥ ይህን ቃል በፊቱ እናገረው ነበርን ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ምሥጢር መጠበቅ ውሸት መናገርን ያስፈቅዳልን? በእኔ የመምህርነት ዘመን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ገጥሞኛል። በአገራችን ልጅ ከመዳሩ በፊት የሁለቱም ወገን ቤተ ዘመድ ያጣራል፤ መምህርም ይጠየቃል። አንድ ቀን ሽማግሌዎች መጥተው ስለ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጠየቁኝ፤ ማን እንደ ሆነች እንዳይታወቅ ዘመኑንና ቦታውን ትቼዋለሁ። «መምህር፥ እርስዎ አስተምረዋታል፤ ጤናዋ እንዴት ነው?» አሉኝ። ልጅቱ የሚጥል በሽታ ነበረባት። እኔም ይህን ያወቅሁት የክፍሏ ኃላፊ መምህር ስለ ነበርሁ ብቻ ነው። ጤነኛ ናት ብል እዋሻለሁ፤ ታማለች ብል አደራ እበላለሁ።

የሰጠሁት መልስ «ስለ ራሷ የምትናገር እርሷ ናት፤ እርሷንና ወላጆቿን ጠይቁ» የሚል ነበር። ነገር ግን ይህ መልስ ብቻውን አይበቃም። ስለ ጤነኛይቱ ስጠየቅ «ምንም የለባትም» ብዬ፥ ስለ ታመመችው ስጠየቅ «እርሷን ጠይቁ» ብል ዝምታዬ ራሱ ምሥጢሩን ይናገራል። ሽማግሌ ደግሞ ዝምታን ማንበብ ያውቅበታል። ስለዚህ አስቀድሜ ለራሴ ሕግ አድርጌ ነበር፤ ስለ ማናቸውም ተማሪ ጤናና የቤት ጉዳይ ስጠየቅ፥ ደኅናም ሆነ ሕመምተኛ፥ የምመልሰው ያንኑ ቃል ነው። በዚያም ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መምህር ለሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ለእኛም ልጅ እንዲህ ብለው ነበር» አላቸውና ነገሩ በዚሁ አለቀ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ራሷ ነገረቻቸው። ሊያገቡ የሚተጫጩ ሰዎች እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋልና ደግ አደረገች። ነገር ግን እውነቱን የመናገር ባለመብት እርሷ ነበረች እንጂ እኔ አልነበርሁም። ከዚያ ወዲያ የሆነው የእነርሱ ጉዳይ ስለ ሆነ አልጽፈውም።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ አስቦበታል። የንስሐ አባት የሰማውን እንዳያወጣ ሕግ ከመጻፉ በፊት ሃይማኖት ያስገድደው ነበር፤ በግሪክም አገር በሂጶክራጥስ ስም የሚጠራው የሐኪሞች መሐላ በሕክምና የታወቀውን ነገር ዝም ብሎ መያዝን ያዛል። በ1923 ዓ. ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በሕግ ከተፈቀደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበርና የደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። በ1941 ዓ. ም. የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ12ኛው አንቀጽ የማንም ሰው የግል ኑሮ፥ ቤተ ሰብ፥ ቤትና ደብዳቤ ያለ አግባብ እንዳይነካ ሲል ኢትዮጵያ ድምጿን ሰጥታ ደግፋዋለች። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ነገሩን ወደ ዕለት ኑሮ አወረደው። በቁጥር 24 ሰው በሙያው ምክንያት ያወቀውን፥ ያመነውን ሰው በመክዳት እንዲገልጥ እንዳይገደድ፤ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ፤ በቁጥር 31 ምሥጢር የሆነ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳያወጣው ይናገራል።

በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት መከበርን ከመሠረታዊ መብቶች አንዱ አድርጎ፥ ከደብዳቤ ሌላ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት ጨመረ። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 የሙያ ምሥጢርን የሚያወጡትን ይቀጣል፤ ከሃይማኖት አገልጋይ፥ ከጠበቃ፥ ከሐኪምና ከነርስ ጋር አስተርጓሚውም ተቈጥሯል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደብዳቤ እየተረጎሙ ያደጉት የአገሬ ልጆች ትዝ አሉኝ። የኤች. አይ. ቪ. በሽታ በአገራችን በተስፋፋበት ዘመን ብዙ ሰው ከበሽታው ይልቅ የባልንጀራውን አንደበት ፈርቶ ሳይመረመርና ሳይታከም ሞቷል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን የጤና ሁኔታ በመዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ የኤች. አይ. ቪ.ን ጉዳይ ለይቶ ያወጣው ከዚህ መከራ የተነሣ ይመስለኛል።

በመጨረሻም በ2016 ዓ. ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። ይህ አዋጅ ሐሳቡ ረጅም ቢሆንም ፍሬው ለማንም ግልጽ ነው። የሰውን ጉዳይ የሚሰበስብ ሁሉ በሕጋዊ ምክንያትና በግልጽ ይሰብስብ፤ ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ ይሰብስብ፤ ለሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ ያውለው፤ ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አያቈየው፤ ከሌባና ከጥፋት ይጠብቀው ይላል። ባለቤቱም ስለ እርሱ የተጻፈውን የማየትና ስሕተቱን የማስታረም መብት አለው። እንደ ጤናና እንደ ሃይማኖት ያለው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይደረግለታል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሆኖም ሕግ ሁሉን አይችልም። የተሰረቀች ላም ትመለሳለች፤ ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነው። ዳኛ ካሣ ሊያስከፍል፥ ጥፋተኛውንም ሊያስር ይችላል፤ የሰማውን ጆሮ ግን እንዳልሰማ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ በዚህ ነገር ትልቁ ጥበብ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት መጠንቀቅ ነው። ጥንቃቄውም ከፍ ያለ ትምህርት የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፥ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ። ቅጽ ስታዘጋጁ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህ ለምን ይጠቅመኛል?» በሉ። መልስ ያጣችሁለትን መስመር ሰርዙት፤ ያልተሰበሰበ ምሥጢር ሊወጣ አይችልምና።

ሁለተኛ፥ ለሚመለከተው ብቻ አሳዩ። ለፈቃድ የሚመጣው የሐኪም ወረቀት ቀኑን ብቻ ቢናገር፥ ዝርዝሩ ካስፈለገም በታሸገ ፖስታ ለአንድ ሰው ብቻ ቢደርስ፥ ያ ከላይ የነገርኋችሁ ሰው ዛሬም በሥራው ላይ በሆነ ነበር።

ሦስተኛ፥ የሚቈለፈውን ቈልፉ። ቁልፉን በመሳቢያው ላይ ሰክቶ ሻይ ለመጠጣት መውጣት፥ የኮምፒውተርንም የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ በገበታው ላይ መለጠፍ በረት ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። የሠራተኞችን ስም ከስልክ ቁጥራቸውና ከደመወዛቸው ጋር በቴሌግራም ለሁሉ መልቀቅም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፥ ላረጀ ወረቀት ተጠንቀቁ። በሱቅ ቆሎ ወይም በርበሬ ገዝታችሁ የተጠቀለለበትን ወረቀት አንብባችሁ ታውቃላችሁን? አንዳንድ ጊዜ የተማሪ ፈተና ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የመሥሪያ ቤት ቅጽ ነው። ጊዜው ያለፈበትን፥ በሕግም መቀመጥ የማያስፈልገውን ወረቀት አቃጥሉት ወይም ቀዳዱት እንጂ በኪሎ አትሽጡት። በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤትም የመታወቂያና የማስረጃ ቅጂ ሲሠራ በማሽኑ ውስጥ የቀረውን አስደልዙ።

አምስተኛ፥ ጥፋት ቢደርስ አትሸሽጉት። የሰው ጉዳይ ያለበት መዝገብ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ብዙ ሠራተኛ ስለ ራሱ ፈርቶ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ሳይጠነቀቅ ይቀራል። አዲሱ አዋጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ፈጥኖ የተነገረ ጥፋት ግማሹ ይድናል።

ነገሩ የበታች ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል አለቃ የሚሆን ይኖራል። አለቃ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት የመጠበቅ መብት አለው፤ ስለዚህ በመጋዘን በር ላይ ፍተሻ ቢያደርግ፥ በካዝናው ላይ ካሜራ ቢያቆም አይነቀፍም። ነገር ግን ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ፍተሻውም ለሁሉ እኩል ይሁን፤ ሴትን ሴት ትፈትሻት፤ ልብስ በሚቀየርበት ስፍራ መመልከቻ አያቁም፤ የሠራተኛውንም የግል ስልክ ነጥቆ አያንብብ። የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር ማክበር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የተጻፈ የአሠሪ ግዴታ ነው። ሠራተኛ የሚሸጠው ጉልበቱንና ጊዜውን ነው፤ ነፍሱን አልሸጠም። ሁልጊዜ እንደ ሌባ የሚታይ ሰው ደግሞ ታማኝ ለመሆን የሚተጋበት ምክንያት እየቀነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ይሸፈን ማለቴ ነውን? አይደለም። ክፋት ራሱን «ምሥጢር» እያለ የሚጠራበት ጊዜ አለ። የሕዝብን ገንዘብ የሰረቀ ሹም «የመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር ነው» ይላል፤ ሕፃን የሚደበድብም «የቤቴ ጉዳይ ነው» ይላል። በከምባታ ምድር የሴት ልጅ ግርዛት ለብዙ ዘመን የማይነሣ የጓዳ ነገር ሆኖ ኖሮ ነበር። ቦጋለች ገብሬ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከምባቲ መንቲ ገዚማ የተባለውን ማኅበር መሥርተው ነገሩን በአደባባይ ሲያነሡ፥ የተሸፈነው ተገለጠ፤ ብዙ ሴቶች ልጆችም ዳኑ። ታዲያ እርሳቸው ምሥጢር አወጡ እንላለንን? አንልም። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፤ ይህ ዝምታ የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚጠብቀው የተናገረውን ሕመምተኛ፥ ድሀውን፥ የታመነብንን ሰው ከሆነ ዝም በሉ። የሚጠብቀው በዳዩን ከተበዳዩ ከሆነ ተናገሩ። ሕገ መንግሥቱም የግል ሕይወትን ካስከበረ በኋላ ወንጀልን ለመከላከል፥ ጤናንና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ የሚደረግ ገደብ እንዳለ ይናገራል። ስትናገሩም ለሚመለከተው ክፍል ተናገሩ፤ ለፖሊስ፥ ለዳኛ፥ ለተቆጣጣሪ እንጂ ለቡና ጠጪ አይደለም። ወንጀልን ለቡና ጠጪ የነገረ ሰው በዳዩንም አላስያዘ፥ ተበዳዩንም አላዳነ።

ይህን ጠባይ የሚይዝ ሰው ዋጋው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ በሰው ዘንድ ምስጋና እንደሌለው አስቀድሜ እነግራችኋለሁ። ገንዘብ ያልሰረቀ ገንዘብ ያዥ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ይመሰገናል። ምሥጢር የጠበቀ ጸሐፊን ግን የሚያመሰግነው የለም፤ ምን እንደ ጠበቀ የሚያውቅ የለምና። የተጠበቀለት ሰው እንኳ ከምን እንደ ዳነ ሳያውቅ በመንገድ ሰላም ብሎት ያልፋል። አባቶቻችን «ሰማይ ሩቅ፥ አደራ ጥብቅ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው አስበው ሳይሆን አይቀርም። ምስክር በሌለበት ስፍራ የሚያደርገው ነገር የሰውን ጠባይ ከማናቸውም ማስረጃ ይልቅ ያሳያል። እናንተ ግን አንድ ቀን በጡረታ ስትወጡ፥ በገበያ መካከል ስታልፉ የብዙ ሰው ጉዳይ የሚያውቅ ልብ ይዛችሁ፥ ማንም ሰው እናንተን አይቶ ዓይኑን ወደ ምድር ሳይሰብር ሰላም ቢላችሁ፥ የጥበቃችሁ ደመወዝ እርሱ መሆኑን ዕወቁ።